ከማኅበሩ የወጡ፣ ከወቀሳው ያልወጡ

መጾም ከተወ ዓመታት ያለፉት፣ ከፋሲካ በቀር ቤተ ክርስቲያን የማይሳለም፣ «እኔ እንኳ ሃይማኖተኛ አይደለሁም» እያለ በየጨዋታው የሚያውጅ ሰው ሁላችንም እናውቃለን። ይህን ሰው የሌላ እምነት ተከታይ ባረደው ሥጋ ጋብዙት። እጁ ትሪው ላይ ይቆማል። ጠግቤያለሁ ይላል፣ ጨጓራዬ አስቸገረኝ ይላል። በሙስሊሙም በኩል እንዲሁ ነው፤ ሶላት ከተወ የሰነበተ ጎልማሳ ሥጋ ቤቱ ደጃፍ ላይ መስቀል ካየ መንገዱን ይቀጥላል። እምነቱ ከራስ ቢወጣም ሆድ ውስጥ ተቀምጦ ቀርቷል።

እኛ ዘንድ ይህ ከባህል ስለሚቆጠር ማንም አይጨነቅበትም። ከአለባበሱ እስከ አመጋገቡ፣ ከጋብቻው እስከ ወዳጅነቱ በሃይማኖት ሥርዓት በተያዘ ማኅበረሰብ ውስጥ አድጎ ለወጣ ሰው ግን ያ የእጅ መቆም በየሰዓቱ ይመጣል፤ ከኋላውም በጨጓራ ሰበብ የማይታለፍ ወቀሳ ይከተላል። የሚገርመው ወቀሳው እምነቱ ከሄደ በኋላም መቆየቱ ነው። ሰውየው ቅጣት አለ ብሎ አያምንም፤ ቅጣቱን ግን ይጠብቃል።

ነገሩን ቀረብ ብሎ ለማየት ሐሬዲ ከሚባሉት ጥብቅ ሃይማኖተኛ አይሁድ ሰፈር የተሻለ ቦታ አላውቅም። ወጥተው የጻፉ ብዙ ናቸው፤ ሥርዓቱም ቢሆን በዓመት 180 ቀን ያህል ጾም ላለበት አገር አንባቢ ከቶ እንግዳ አይሆንም። ሐሬዲዎች በእስራኤል ከ1.3 ሚሊዮን በላይ ናቸው፤ ከሰባት ሰው አንዱ እንደ ማለት ነው። በኒው ዮርክ ደግሞ ከእነሱ ወገን የሆኑት ሐሲዶች ብሩክሊን ውስጥ ዊሊያምስበርግና ቦሮ ፓርክ በሚባሉት ሰፈሮች፣ ከከተማዋ በስተ ሰሜንም ኒው ስኩዌርን በመሳሰሉ የራሳቸው መንደሮች ይኖራሉ። እቤታቸው የሚናገሩት ዪዲሽ ነው። ሰንበት ሲገባ በ39 ዓይነት ተከፍለው የተዘረዘሩ ሥራዎች ሁሉ ክልክል ናቸው። ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ የማቀዝቀዣው አምፖል ይፈታል፣ በሩ ሲከፈት እንዳይበራ። የሽንት ቤት ወረቀት ቀድሞ ተቆርጦ ይቀመጣል፣ መቅደድ ሥራ ነውና። ሥጋ የበላ ሰው ወተት ለመቅመስ በብዙዎቹ ልማድ 6 ሰዓት ይጠብቃል። ወንዶች ልጆች ቀኑን በአብዛኛው በቅዱሳት መጻሕፍት ላይ ስለሚያሳልፉ እንግሊዝኛና ሒሳብ በወጉ ሳይማሩ ለጋብቻ የሚደርሱ ብዙዎች ናቸው።

ይህን ብቻ ቆጥሮ ማለፍ ግን ግፍ ነው። በዚያ ሰፈር የወለደች ሴት ለሳምንታት ምግብ እየተሠራ ይመጣላታል። ገንዘብ የቸገረው ሰው ያለ ወለድ የሚበደርበት ገማኽ የሚባል ማኅበር አለ፤ ገንዘብ ብቻ ሳይሆን የሙሽራ ልብስ፣ የሕፃን አልጋ፣ መድኃኒት ጭምር የሚያውሱ አሉ። የታመመ ይጠየቃል፣ የሞተ ብቻውን አይቀበርም። ለቆ የሚወጣ ሰው የሚለየው ከክልከላው ብቻ ሳይሆን ከዚህም ነው፤ ወቀሳው ያን ያህል የሚጠናበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ክፉ ቤት ጥሎ የወጣ ሰው የሚሰማው እፎይታ ነው። ደግም ክፉም የነበረውን ቤት ጥሎ ለወጣ ግን እፎይታው ብቻውን አይመጣለትም።

እነዚህ ሰዎች ስለ መጀመሪያዎቹ ወራት የሚሉት ይመሳሰላል። ዓርብ ማታ ነው። ክፍሉ ኪራይ ነው፣ የሚያይ ሰው የለም። ጣት ወደ ማብሪያ ማጥፊያው ሄዶ ይመለሳል። መጨረሻ ላይ መብራቱ ይበራል፣ ምንም አይመጣም፤ ያም ሆኖ እስኪነጋ ድረስ አንድ ነገር ይጠበቃል። ሰኞ ዕለት ስልኩ ወድቆ ቢሰበር፣ ወይም እናቱ ታመመች የሚል ወሬ ቢደርሰው፣ ያች የዓርብ መብራት ትታወሰዋለች። የፈተና ውጤት ሲበላሽ፣ ፍቅር ሲፈርስ፣ ሥራ ሲጠፋ ለሁሉም ምክንያቱ የታወቀ ነው። ነገር ሲሳካለትም አያምነውም፤ ቅጣቱ ለሌላ ጊዜ የተላለፈ ይመስለዋል።

ይህ የጥቂት ሰዎች ድክመት አይደለም። ዳሪል ቫን ቶንገረን የተባሉት አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር በ2021 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት በአሜሪካ፣ በኔዘርላንድስ፣ በሆንግ ኮንግና በኒው ዚላንድ የሚኖሩ ሰዎችን ያካተተ ነበር። ሃይማኖታቸውን የተዉት ሰዎች በአስተሳሰብም በአድራጎትም የተገኙት አማኝ ከሆኑትና አማኝ ሆነው ከማያውቁት መካከል ነው። የተዉት ነገር በውስጣቸው ደለል ጥሎ አልፏል። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበርም በ1994 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ እምነትን ማጣትና መጠራጠር የሚያስከትለውን ጭንቀት ሐኪም ሊመለከተው የሚገባ ችግር ብሎ መዝግቦታል፤ በሽታ ግን አላለውም። ይህ ልዩነት ደስ ይለኛል። ዛሬ ዛሬ ከጥብቅ ማኅበር የወጣን ሰው ስሜት ሁሉ የአእምሮ ቁስል ብሎ መጥራት ተለምዷል። በልጅነቱ የተደበደበ፣ በሲኦል እያስፈራሩ ያሳደጉት አለና ቁስል የሆነበት መኖሩን አልክድም። ግን እናቱን ያስለቀሰ ልጅ የሚሰማውን ሕመም በሐኪም ቋንቋ መጥራት ነገሩን ከማቅለል አልፎ መሳት ይሆናል።

ብዙዎቹ ማብራሪያዎች የሚቆሙት እዚህ ነው፤ ልማድ ነው፣ ከጊዜ ጋር ይለቃል ይላሉ። እኔ ግን ግማሹን የተዉት ይመስለኛል። ጥብቅ ማኅበረሰብ በደልን ብቻ አያስተምርም፤ የበደልን መዝጊያም ያስተምራል። ኦርቶዶክሱ ለነፍስ አባቱ ይናዘዛል፣ ቀኖና ይቀበላል፤ ይህን ያህል ስግደት፣ ይህን ያህል ቀን ጾም፣ ይህን ያህል ምጽዋት። ቀኖና ቁጥር አለው፣ ስለዚህ ያልቃል። ሲያልቅ «እግዚአብሔር ይፍታህ» የሚል ሰው አለ፤ ተናዛዡም ቀለል ብሎት ወደ ቤቱ ይሄዳል። አይሁዱም ዮም ኪፑር በሚባለው የስርየት ቀን 25 ሰዓት ያህል ሳይበላ ሳይጠጣ ይውላል፤ የኃጢአቱን ዝርዝር እያነበበ በእያንዳንዱ ደረቱን ይመታል። ዝርዝሩን የሚያነበው ጉባኤው በአንድነት ሲሆን፣ በደልነው የሚለው በ«እኛ» ነው፤ ስለዚህ አንድ ሰው ለብቻው ተነጥሎ አይጋለጥም። ማታ ቀንደ መለከት ይነፋል፣ ሰው ሁሉ እራቱን ሊበላ ይሄዳል።

ከዚህ የወጣ ሰው ወቀሳውን ይዞ ይወጣል። ይፍታህ የሚለውን ሰው፣ የሚነፋውን ቀንድ፣ «እኛ» የሚለውን ጉባኤ ግን ከኋላው ትቶ ነው። ከሳሽ ያለው ዳኛ የሌለው ችሎት ውስጥ ይገባል፤ ፍርድ ስለማይሰጥ ክሱም አይዘጋም። ስለዚህ የራሱን ቀኖና ያወጣል፣ ቁጥር የሌለውን። ዕረፍት አልባ ሆኖ ይሠራል። በደስታው ቀን ደስታውን ያበላሻል። ለቤተሰብ ከአቅሙ በላይ ገንዘብ ይልካል። ፍቅረኛው ስትጮህበት ይገባኛል ብሎ ይቀበላል። በስርየት ቀን ማንም ሳያየው ይጾማል፤ ይህም ቢሆን አያሳርፈውም፣ ጾሙን የሚፈታለት የለማ። ወደ ቀድሞ ማኅበራቸው ከሚመለሱት መካከል እምነታቸው የተመለሰ አሉ፤ ሌሎቹን የመለሳቸው ግን መዝጊያው ይመስለኛል።

አማኞቹ ራሳቸው ይህን መዝጊያ የሌለው ወቀሳ ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል። ኢግናጥዮስ ዘሎዮላ፣ ኋላ ልጆቹ ኢየሱሳውያን እስከ ፍሬሞናና ጎርጎራ የዘለቁት ሰውዬ፣ በ1522 እ.ኤ.አ. ማንሬሳ ወደምትባል የስፔን ከተማ ሲመጣ የሕይወቱን ኃጢአት ሁሉ ተናዝዞ ጨርሶ ነበር። አልበቃውም። የረሳሁት አለ እያለ ተመልሶ ይናዘዛል፣ አሁንም ይመለሳል። የንስሐ አባቱ ግልጽ ካልሆነ በቀር ያለፈውን እንዳይናዘዝ ቢያዙትም እሱ ሁሉም ግልጽ ሆኖ ታየው። ሳምንት ሙሉ እህል ሳይቀምስ ዋለ፤ ራሱን ለማጥፋት እስከማሰብ ደረሰ። የዳነው አዲስ ኃጢአት አግኝቶ በመናዘዝ አይደለም፤ ያለፈውን ዳግመኛ ላለመናዘዝ በመቁረጥ ነው። እንግዲህ በሃይማኖቱ መካከል የቆመ፣ ኋላም ቅዱስ የተባለ ሰው ነው ይህን የወሰነው።

የዛሬ ሐኪሞችም ለጭንቀቱ ሥር የሰደደ መልክ የሚሰጡት ምክር ከዚህ ብዙም አይርቅም። መብራቱን አብራ፣ ፍርሃቱ ይምጣ፣ ተቀመጥበት ይላሉ። ፍርሃቱን ለማባረር በልብ የሚደረገውን ፈጣን ጸሎት፣ «ያደረግሁት ኃጢአት ነው እንዴ?» እያሉ ጓደኛን ደጋግሞ መጠየቅን፣ ኢንተርኔት ላይ እስከ እኩለ ሌሊት መልስ ፍለጋን ግን ተው ይላሉ። እነዚህ ለጊዜው ያሳርፋሉ፤ አእምሮ ግን አደጋ ነበረ፣ በነዚህ ተረፍኩ ብሎ ይመዘግበዋል፤ በማግስቱ ፍርሃቱ ጠንክሮ ይመጣል። ሕጉን ሁሉ በአንድ ሌሊት ጥሶ ነጻነትን ለማሳየት መሯሯጥም እዚህ አይረዳም። ትናንት ከመንደሩ ወጥቶ ዛሬ በአንድ ማዕድ አሳማውንም ሽሪምፑንም የሚያዝ ሰው አሁንም የሚኖረው በዚያው የክልከላ ዝርዝር ነው፤ የተለወጠው ዝርዝሩን የሚያነብበት አቅጣጫ ብቻ ነው።

እስካሁን ያልኩት ስለ መብራቱና ስለ ሥጋው ነው። የሰው ጉዳይ ሌላ ነው።

በሐሬዲ ሰፈር ጋብቻ በአገናኝ ይጠናል። የልጅቱ ቤተሰብ የልጁን፣ የልጁ ቤተሰብ የልጅቱን ያስጠይቃል፤ አባትየው የት ይጸልያል፣ እናትየው ፀጉሯን በምን ትሸፍናለች፣ ወንድም እህቶች እንዴት ናቸው። አጥንት ሲቆጠር ላደገ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልግም። ከልጆቹ አንዱ ለቆ ወጥቷል የሚል ወሬ ካለ የታናናሾቹ ገበያ ይወድቃል። ጥሩ ሊባል የሚችለው እጮኛ ይቀራል፤ በምትኩ ከሁለተኛ ደረጃ የሚቆጠር ይመጣል፣ ወይም ዓመት አልፎ ዓመት ይተካል። ስለዚህ የወጣው ልጅ በ22 ዓመቱ የወሰደው ውሳኔ የ17 ዓመት እህቱን ዕድል ይነካል። ልጁ ይህን ያውቃል፤ ከመውጣቱም በፊት ያውቅ ነበር። አንዳንዶች ታናሾቻቸው እስኪያገቡ ድረስ ለዓመታት ጢማቸውን አሳድገው፣ ካፖርታቸውን ለብሰው፣ የማያምኑበትን ጸሎት እየጸለዩ የሚቆዩት በዚህ ምክንያት ነው።

ልጆች ያሉት ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ሹለም ዲን የኒው ስኩዌር ነዋሪ፣ የአምስት ልጆች አባት ነበር። በ2005 እ.ኤ.አ. የመንደሩ ሃይማኖታዊ ዳኞች በመናፍቅነት ጠርጥረው ውጣ አሉት። ወጣ፤ ትዳሩ ፈረሰ፤ ልጆቹም እያደር ራቁት። በ2015 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ላይ እግዚአብሔርን ስለማጣት የጻፈው አለ፤ አንባቢን የሚሰብረው ግን የልጆቹ ነገር ነው። እንዲህ ያለውን ሰው «ጥፋቱ የአንተ አይደለም» ብሎ ማጽናናት ይቻላል፤ እውነትም አለው፣ ልጅን ከአባት የሚለይ ሕግ ያወጣው እሱ አይደለም። ሆኖም አባት አባት ነው። ያለ አባት ያደጉት ልጆች ሕመም እንደ ዓርቡ መብራት በምናብ ያለ አይደለም።

የይሖዋ ምሥክሮች ዘንድ ነገሩ በጽሑፍ የሠፈረ ነው። ከጉባኤ የተወገደን ሰው ዘመድ ወዳጅ እንዳይቀርበው የሚያዝዘው መመሪያ ለአሥርተ ዓመታት ሰላምታን ጭምር የሚከለክል ነበር፤ በ2024 እ.ኤ.አ. መጠበቂያ ግንብ በሚባለው መጽሔታቸው ላይ በወጣው ማሻሻያ የተወገደው ሰው ወደ ስብሰባ ሲመጣ አጠር ያለ ሰላምታ መስጠት ተፈቀደ። ኖርዌይ በዚሁ የመራቅ ልማድ የተነሣ በ2022 እ.ኤ.አ. የመንግሥት ድጎማቸውን ከልክላ ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ በ2024 ለመንግሥት፣ በ2025 በይግባኝ ለምሥክሮቹ ተፈርዷል። ዳኞች ሊከራከሩበት የሚችሉት ስለ ድጎማና ስለ መብት ነው። ልጇን መንገድ ላይ አይታ አንገቷን የምታዞር እናት ግን ልጇን የምታድን መስሏት ነው የምታደርገው፤ ልጅየው ይህን ስለሚያውቅ በእሷ መቆጣት እንኳ አይሆንለትም። ቁጣው ተመልሶ ወደ ራሱ ይገባል።

እንግዲህ ከማኅበር ወጥቶ የሚወቀስ ሰው መጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው የቆረቆረው ከየትኛው ወገን እንደሆነ ነው፤ የተጎዳ ሰው አለ ወይስ የለም? ይህን ልዩነት ፍለጋ ከሃይማኖቱ ውጭ መሄድ አያስፈልግም። የጥንቶቹ ራቢዎች ያሠፈሩት ትምህርት ዮም ኪፑር የሚያስተሰርየው በሰውና በፈጣሪ መካከል ያለውን ነው ይላል፤ ሰው የበደለ ግን የበደለውን ሰው ሄዶ ካላስታረቀ ቀኑ ብቻውን አይጠቅመውም። የእኛም ቄሶች ወደ ቅዱስ ቁርባን ከመቅረብህ በፊት ከባላጋራህ ታረቅ የሚሉት ከዚሁ ሐሳብ ነው። በ12ኛው መቶ ዘመን የኖረው ሙሴ ማይሞኒደስ ደግሞ ቁጥሩን ጽፎ አስቀመጠው፤ የተበደለው ሰው ይቅር አልልም ካለ ሦስት ሰዎች እየያዝክ እስከ ሦስት ጊዜ ተመላለስ፣ ከዚያ በኋላ ግን ተወው፣ ጥፋቱ ይቅር ወዳላለው ያልፋል ብሎ። ያልተማረው ገበሬያችንም ሽማግሌ ልኮ እንቢ ቢሉት እንዲሁ ነው የሚያደርገው።

ከእምነቱ የወጣ ሰው ይህችን ልማድ ይዟት ሊወጣ ይችላል፤ ማንም አይከለክለውም። ለእናቱ የሚያስረዳት ነገር ላይኖረው ይችላል፣ ስለ አምላክ ክርክር መግጠምም ከንቱ ነው። ግን ሳይሰናበት በሌሊት መሄዱ፣ ለወራት ስልክ አለማንሣቱ፣ በቁጣ የተናገረው ስድብ በግልጽ ይቅርታ የሚጠየቅባቸው ናቸው። ማመኑን ስለ መተው ይቅርታ አይጠየቅም፤ ይህ በደል አይደለምና፣ ቢጠይቅም ውሸት ይሆንበታል። ሁለቱን ቀላቅሎ «ስላሳዘንኳችሁ ይቅርታ» ያለ ልጅ መልሱ «እንግዲያስ ተመለስ» እንደሚሆን አስቀድሞ ይወቅ።

በኒው ዮርክ ሉባቪች ከሚባለው የሐሲዶች ማኅበረሰብ የወጣች ማልኪ ሽዋርትዝ የተባለች ወጣት በ2003 እ.ኤ.አ. ፉትስቴፕስ የሚባል ድርጅት መሠረተች፤ በእስራኤልም ሂሌል የሚባለው ከ1991 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይሠራል። ትምህርት ማሟያ፣ ሥራ ፍለጋ፣ የልጅ አሳዳጊነት ክርክር ላይ ጠበቃ፣ መጠለያ፤ ሥራቸው ይህን የመሰለ ነው። ሁሉም ይጠቅማል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን የሰንበት ማታ ማዕዳቸው ይመስለኛል፤ ተመሳሳይ ቤት የለቀቁ ሰዎች ተሰብስበው የልጅነት ምግባቸውን የሚበሉበት፣ ያደጉባቸውን ዜማዎች ሳያፍሩ የሚያዜሙበት። «እኛ» ብሎ የሚናዘዝ ጉባኤ አጥቶ ለነበረ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። አንድ ሥጋት ግን አለኝ። የወጡ ሰዎች ስብስብ እርስ በርሱ የሚፈትሽ ሲሆን አይቻለሁ፤ አንዱ ለእናቱ ሲል ኮፍያ ቢያደርግ ወደ ኋላ ተመለስክ ብሎ የሚስቅበት፣ ጾም ቢጾም ግብዝ የሚለው። ከአንድ ጥብቅ ማኅበር ወጥቶ ሌላ ጥብቅ ማኅበር ውስጥ የገባ ሰው ምን አተረፈ?

ወደ ወላጆች ቤት ሲኬድ ስልኩን ኪስ ውስጥ ማጥፋት፣ ፀጉርን መሸፈን፣ ማዕድ ሲባረክ አንገት መድፋት፤ እነዚህን ግብዝነት የሚሏቸው አሉ። እኔ አልስማማም። የማያምንበትን እንደሚያምን አድርጎ የሚናገር ሰው ግብዝ ነው፤ በሰው ቤት በባለቤቱ ወግ የሚቀመጥ ሰው ግን እንግዳ ነው፣ ወይም ልጅ።

ፈተናው ወላጅ ሲሞት ይበረታል። በአይሁድ ወግ የሟች ልጆች 7 ቀን ለሐዘን ይቀመጣሉ፣ ወንዱ ልጅ ደግሞ 11 ወር ካዲሽ የሚባለውን ጸሎት ይደግማል፤ ማመን የተዉ ልጆች ይህን ላድርግ አላድርግ እያሉ ይጨነቃሉ፣ የሚያደርጉትም ብዙ ናቸው። እኛም ዘንድ ጥያቄው አለ። ጴንጤ የሆነ ልጅ ኦርቶዶክስ አባቱ ሲሞቱ በአርባኛው ቀን ወንድሞቹ ለተዝካር የሚያዋጡትን ገንዘብ ይነግሩታል። ለሙታን የሚደረገው ጸሎትና ድግስ አይጠቅምም የሚል ትምህርት ተምሯል። ባይሰጥ አባቱን እንደካደ ይሰማዋል፣ ቢሰጥ ጌታውን። አንዳንዱ ገንዘቡን ለእናቱ መደጎሚያ ነው ብሎ ስም ይለውጥለታል፣ ሌላው በዚያን ሳምንት የመስክ ሥራ ይወጣል። ተዝካሩን የፈለጉት ግን ሟቹ አባት ናቸው፤ ልጁ እንደ ወንድሞቹ ድርሻውን ከፍሎ፣ ጸሎቱ ሲደርስ ዝም ብሎ ቢቆም፣ ማንን እንደበደለ አይታየኝም።